ቋንቋና ስንቅ፤ በዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤት የጀማሪ ሠራተኛ ታሪክ

መግቢያ

ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ወደ ውጭ አገር ተሻግሮ፣ የብዙ አገር ሰዎች በልዩ ልዩ ቋንቋ በሚሠሩበት ጽሕፈት ቤት ሥራ ለመለማመድ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ለአገሩ እንግዳ ለሰዉም ባዳ ነው። ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ የመዝገብ አያያዝ ደንብ ይነገረዋል፤ በአንድ ቋንቋ የተጀመረ ነገር በሌላ ቋንቋ ሲፈጸም ይሰማል። ይህን ዕድል ያገኙ ጓደኞች አሉን፤ ለማግኘት የሚመኙም ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጽሕፈት ቤት ከየት እንደ መጣ፣ ደንቡም ለምን እንዲህ እንደ ሆነ፣ ጀማሪውን ከበሩ የሚያስገባውና የሚያስቀረው ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ነገር አንድ ነው። ይኸውም፤ ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ከጀማሪው የሚፈለገው ዋናው ትምህርት በሌላ ሰው ቋንቋ እየሠሩ የሌላ ሰው መሣሪያ አለመሆን ነው። ይህን ትምህርት ለመማር ግን በሩን አልፎ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ቋንቋውን የያዘና ለመንገዱ ስንቅ ያለው ሰው ሆኖ ቈይቷል። ስለዚህ ታሪኩን በሁለት ቃላት፣ በቋንቋና በስንቅ፣ እከተለዋለሁ። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የጽሕፈት ቤቱ አመሠራረት

ከ1919 በፊት መንግሥታት ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ መልእክተኛ የራሱን ጸሐፊዎች ይዞ ይመጣ ነበር፤ ጉባኤው ሲበተን ጸሐፊዎቹም ይበተናሉ። እንደ ፖስታና ቴሌግራፍ ላሉ ጕዳዮች የተቋቋሙ ጥቂት ቋሚ ቢሮዎች ቢኖሩም፣ የዓለምን የፖለቲካ ጕዳይ የሚይዝ፣ ሠራተኞቹም ከየአገሩ የተውጣጡ ቋሚ ጽሕፈት ቤት አልነበረም።

የዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1919 በፓሪስ ሲወሰን፣ ዋና ጸሐፊ ለመሆን አስቀድሞ የተጠየቀው እንግሊዛዊው ሰር ሞሪስ ሃንኪ ነበረ። የእርሱም ሐሳብ እያንዳንዱ ታላቅ መንግሥት የራሱን ሰዎች ይመድብ የሚል ነበር፤ ይህም ቢሆን ኖሮ ቤቱ አንድ ጣሪያ ያለው ብዙ ኤምባሲ በሆነ ነበር። ሃንኪ ሹመቱን ባለመቀበሉ ቦታው ለሰር ኤሪክ ድረመንድ ተሰጠ። ድረመንድ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ሠራተኛው በአገሩ ሳይሆን በሥራው እንዲከፈል፣ የጤናው ክፍል፣ የገንዘቡ ክፍል፣ የፖለቲካው ክፍል እያንዳንዱ ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች እንዲቀጥር አደረገ። በ1920 አርተር ባልፎር ለማኅበሩ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ ሠራተኞቹ ከተሾሙ በኋላ የሚፈጽሙት የየአገራቸውን ሳይሆን የዓለም አቀፍ ሥራ መሆኑ በግልጥ ተነገረ።

ጽሕፈት ቤቱ ሥራውን በሎንዶን ጀምሮ በ1920 መጨረሻ ወደ ጄኔቭ ተዛወረ፤ በሐይቁ ዳር የነበረ አንድ ትልቅ ሆቴልም ቢሮው ሆነ። እንግዶች ያድሩባቸው የነበሩት ክፍሎች የጸሐፊዎች ክፍል ሆኑ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኞቹ ቍጥር ወደ 700 ደርሶ ነበር።

የድረመንድ ምርጫ ለጀማሪው ትልቅ ውጤት ነበረው። በሃንኪ ሐሳብ ቢሠራ ኖሮ አንድ ጃፓናዊ ወጣት ከጃፓናውያን አለቆቹ ጋር በጃፓንኛ እየሠራ በዋለ ነበር። በድረመንድ ቤት ግን አለቃው ኖርዌያዊ፣ ጎረቤቱ ስፔናዊ፣ የጽሕፈት መኪና የምትመታው ሴት የጄኔቭ ተወላጅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የቋንቋ ጥያቄ በታላላቆቹ ጉባኤ ብቻ ሳይወሰን በየጠረጴዛው ላይ የሚነሣ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ሆነ።

፪. ሁለቱ ቋንቋዎች

ከዚያ በፊት የአውሮፓ ዲፕሎማሲ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። በፓሪሱ ጉባኤ ግን ፕሬዚዳንት ዊልሰንና ሎይድ ጆርጅ በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ የቬርሳይ ውልም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሥልጣን ተሰጣቸው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን የዚሁ ውል ክፍል ስለ ነበረ ጽሕፈት ቤቱም ሁለቱን ቋንቋዎች ወረሰ። በጠቅላላው ጉባኤ በሌላ ቋንቋ መናገር የሚወድ መልእክተኛ ይፈቀድለት ነበር፤ ነገር ግን ንግግሩን ከሁለቱ ወደ አንዱ የማስተርጐሙ ግዴታ የራሱ ነበር።

ይህ ደንብ ሲያነቡት ቀላል ይመስላል። ነገሩን ከጀማሪው በኩል ስናየው ግን የበሩን ስፋት የሚወስነው እርሱ ነበር። ፈረንሳዊና እንግሊዛዊ የእናታቸውን ቋንቋ ይዘው ይገባሉ። ቻይናዊው፣ ፋርሳዊው፣ ፖላንዳዊው ግን አስቀድሞ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሌላውን ቋንቋ መማር ነበረበት። ከገባም በኋላ ሐሳቡ ደካማ ሳይሆን አነጋገሩ ደካማ ስለ ሆነ ብቻ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ጊዜ ይኖራል።

ይህን ችግር ከውስጥ ካዩት ሰዎች አንዱ ከ1920 እስከ 1926 ከዋና ጸሐፊው በታች ከነበሩት ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ የነበረው ጃፓናዊው ኢናዞ ኒቶቤ ነው። ኒቶቤ ስለ ጃፓን ባሕል በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽፎ ስሙ የታወቀ ምሁር ስለ ነበረ ለእርሱ ቋንቋው አልከበደውም። ሆኖም በ1921 በፕራግ ከተማ የተደረገውን የኤስፔራንቶ ቋንቋ ጉባኤ ተመልክቶ፣ ማንም ሕዝብ የእኔ ነው የማይለው ቋንቋ ለዓለም አቀፍ ሥራ የሚኖረውን ጥቅም በሚገባ ገልጾ ለማኅበሩ ሪፖርት አቀረበ። የፈረንሳይ መንግሥት ግን ነገሩን አጥብቆ ስለ ተቃወመ ሐሳቡ ከሪፖርት አላለፈም። ቀድሞ በቦታው የነበረ ቋንቋ ቦታውን በፈቃዱ እንደማይለቅ ከዚህ እንረዳለን።

፫. የጀማሪው ሥራና መሐላው

አዲስ ገቢው ምን ይሠራ ነበር ብንል፣ አብዛኛው ሥራ ወረቀት ነበረ። የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በመዝገብ ቤት ቍጥር ይሰጠዋል፤ በጕዳዩም ፋይል ይገባል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በሁለቱ ቋንቋዎች ይዘጋጃል። ረጅም ንግግር ሰምቶ አሳጥሮ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነበረ፤ ለዚህ ሥራና ለትርጉም ሥራ የሚቀጠሩትም በፈተና ይመረጡ ነበር።

አሳጥሮ መጻፍ ትንሽ ሥራ አይደለም። ሁለት መንግሥታት በተጣሉበት ነገር ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ወጣት፣ አንደኛው «አልቀበልም» ያለውን «አመነታ» ብሎ ቢጽፈው ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ የጀማሪው ትምህርት የተባለውን መጻፍ እንጂ ቢባል ደስ የሚለውን አለመጻፍ ነበር። ከቋንቋው ችሎታ ቀጥሎ የታማኝነት ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የታማኝነቱም ጥያቄ በባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1927 ፓውሉቺ ዲ ካልቦሊ የተባለ የሙሶሊኒ የቅርብ ሹም በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ከድረመንድ በታች ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። እርሱም በቤቱ ውስጥ ያሉትን ኢጣሊያውያን ሠራተኞች በእጁ አድርጎ ለሮም መንግሥት እንዲታዘዙ ለማድረግ መጣሩ ታወቀ። ከዚህና ከመሰለው ችግር የተነሣ የሠራተኞቹ አቋም እንደገና ተመርምሮ በ1932 ሠራተኛው ሁሉ የሚምለው መሐላ ተደነገገ። በመሐላውም ሠራተኛው የማኅበሩን ጥቅም ብቻ ሊመለከት፣ ከማናቸውም መንግሥት ትእዛዝ ላይጠይቅና ላይቀበል ቃል ይገባል። ይህ መሐላ ከተደነገገ ሦስት ዓመት በኋላ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መውረሯን ስናስብ፣ ነገሩ የቢሮ ደንብ ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል።

ዛሬ የሥራ ልምምድ የምንለውን የሚመስል ነገርም በጄኔቭ ነበረ። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰው ከሌላቸው ወይም ጥቂት ሰው ብቻ ካላቸው ሩቅ አገሮች የመንግሥት ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ተጠርተው፣ ለጥቂት ወራት ከቋሚዎቹ ሠራተኞች ጋር እየሠሩ ቤቱን እንዲያውቁ ይደረግ ነበር። ጊዜያዊ ተባባሪዎች ይባሉ ነበር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ምክንያቱም ሩቁን አገር በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በሰው ከቤቱ ጋር ያገናኝ ነበር። ይሁን እንጂ የሁለቱ ቋንቋዎች ደንብ ለእነርሱም አልተለወጠም።

፬. የአስተርጓሚው ድምፅ

በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሙያ የአስተርጓሚው ነበር። በ1919 በፓሪስ ለዊልሰን፣ ለክሌማንሶና ለሎይድ ጆርጅ ያስተረጐመው ፖል ማንቱ የታሪክ ምሁር ነበረ፤ ስለ እንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚታወቅ ነው። ኋላም በጄኔቭ የፖለቲካው ክፍል ሹም ሆነ። አራተኛው መሪ፣ የኢጣሊያው ኦርላንዶ፣ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበርና ሌሎቹ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ለእርሱ የማንቱ አፍ መስኮቱ ነበረ። ቋንቋ የሚያስቸግረው ጀማሪውን ብቻ እንዳልሆነ ይህ ምሳሌ ያሳየናል።

በዚያ ጊዜ አስተርጓሚው ተናጋሪው እስኪጨርስ ይጠብቃል። በትንሽ ወረቀት ላይ ጥቂት ምልክት እየያዘ ያዳምጣል፤ ከዚያም ተነሥቶ ንግግሩን በሙሉ በሌላው ቋንቋ ይደግመዋል። ሲደግምም «እርሱ እንዲህ አለ» አይልም፤ «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው። በቅኔ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ችሎታ አይንቀውም፤ እኛም ዘንድ አንድ ጊዜ የተዘረፈን ቅኔ ሰምቶ መያዝ የተማሪው ፈተና ነውና።

ነገር ግን አንዱ ንግግር ሁለት ጊዜ ስለሚሰማ የስብሰባው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ችግሩ በተለይ የከበደው በዚያው በጄኔቭ በነበረው በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነው። በዚያ ጉባኤ ከመንግሥታት ጋር የአሠሪዎችና የሠራተኞች መልእክተኞች ይቀመጣሉ። ዲፕሎማቱ ፈረንሳይኛ ያውቃል፤ ከፋብሪካ የመጣው የሠራተኞች ተወካይ ግን ከአገሩ ቋንቋ ሌላ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ኤድዋርድ ፋይሊን የተባለ የቦስተን ነጋዴና ጎርደን ፊንሌይ የተባለ መሐንዲስ ያሰቡት መሣሪያ በ1927 በዚህ ጉባኤ ተሞከረ። ተናጋሪው ገና ሲናገር አስተርጓሚው በቀስታ በስልክ ይተረጕማል፤ አድማጩም በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል።

መሣሪያው በዓለም ፊት የተፈተነው ከኅዳር 1945 እስከ 1946 በተካሄደው በኑረምበርግ ችሎት ነው። በአራት ቋንቋዎች፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተረጐም ነበር። ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት ይበራል፤ ፈጽሞ እንዲቆም ሲፈለግ ቀይ ይበራል። አስተርጓሚዎቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው ይፈራረቁ ነበር። ብዙዎቹ ይህን ሙያ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ጀማሪዎች ስለ ነበሩ ሥራውን የተማሩት በዚያው በሥራው ላይ ነው። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህንኑ ዘዴ ቋሚ እንዲሆን ወሰነ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓለም አቀፍ ጉባኤ ጆሮ በእርግጥ ባዳ ሆነ፤ መልእክተኛው የሚሰማው የተናጋሪውን ድምፅ ሳይሆን በመስተዋት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ባዳ ጆሮ ዲፕሎማት ያልሆነውንም ሰው ከስብሰባው አስገባው።

፭. ኢትዮጵያ በጄኔቭ

አገራችን በማኅበሩ አባልነት የተቀበለችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ በመስቀል በዓል ቀን ነበር፤ እንደ አውሮፓ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 መሆኑ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ጕዳይ በጄኔቭ የሚነገረው በሌላ ሰው ቋንቋ ሆነ።

በ1935 በጄኔቭ ለአገራቸው የቆሙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ ሰው ነበሩ። ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኤርትራዊው ሎሬንዞ ታእዛዝም ሕግን በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊዬ የተማሩ ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ በአንድ የዕረፍት ወራት የተገኘ አይደለም፤ የልጅነት ዕድሜና ከዘመድ መለየት ተከፍሎበታል። አገሪቱ በተጨነቀች ጊዜ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ቍጥር በጣቶች የሚቈጠር ነበር።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠቅላላው ጉባኤ ፊት ቆሙ። ሊናገሩ ሲጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኩ፤ ከአዳራሹም ተባረሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ እያወቁ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ደንቡ ይፈቅድላቸዋል፤ ትርጉሙን የማቅረቡ ሸክም ግን የራሳቸው ነበር። ንግግሩም ወደ ሁለቱ ቋንቋዎች ተተርጕሞ ለዓለም ተዳረሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፤ በአማርኛ መናገር የተቻለው የሁለቱን ቋንቋዎች ምሥጢር የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ስለ ነበሩ ነው። የራስን ቋንቋ ማክበርና የሌላውን ማወቅ እዚህ ላይ ተደጋገፉ እንጂ አልተጣሉም። ሁለተኛ፤ ቋንቋ ብቻውን አገር አያድንም። ንግግሩ በሚገባ ተሰማ፤ በኢጣሊያ ላይ የነበረው የኤኮኖሚ ቅጣት ግን ከጥቂት ቀን በኋላ እንዲቀር ተወሰነ። ጽሕፈት ቤቱ ነገሩን ለማሰማት ይችላል፤ ኃይል ያላቸውን መንግሥታት ግን ለማስገደድ አይችልም።

፮. ከ1945 ወዲህ፤ የስንቅ ጥያቄ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጄኔቭን ትምህርት ወረሰ። የቻርተሩ አንቀጽ 100 የ1932ቱን መሐላ መንፈስ ይደግማል፤ አንቀጽ 101 ደግሞ በቅጥር ከሁሉ አስቀድሞ ችሎታና ቅንነት እንዲታይ፣ ቀጥሎም ሠራተኞቹ ከተለያየ የዓለም ክፍል እንዲመረጡ ያዛል። በ1946 አምስት ቋንቋዎች፣ ማለት ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓንኛ፣ ታወቁ፤ የሥራ ቋንቋዎች ግን በመጀመሪያ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ብቻ ነበሩ። ዐረብኛ በ1973 ሲጨመር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ወጪ የዐረብ መንግሥታት እንዲከፍሉ ሆነ። እንግዲህ አንድ ቋንቋ በበሩ የሚገባው በክብሩ ብቻ ሳይሆን ስንቅ ይዞ ነው።

ለሰውም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የተቋቋመው በአራት ቋንቋዎች ነበረ፤ ዛሬ 24 ደርሰዋል። በ1960 በሦስት ወጣቶች የጀመረው የሥራ ልምምድ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄድና ለወጣቶቹ የወር አበል የሚከፈልበት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጽሕፈት ቤት ግን ለሥራ ተለማማጆች ደመወዝ አይከፈልም። መንገዱንም፣ ቤቱንም፣ ምግቡንም ተለማማጁ ከራሱ ወይም ከላከው ወገን ያገኛል። በ1915 ወይም በ1920 ሳይሆን በ2015 በጄኔቭ በዚሁ ድርጅት የሚለማመድ አንድ ወጣት በሐይቁ አጠገብ በድንኳን ማደሩ በጋዜጣ ወጣ። ኋላ ወጣቱ ራሱ ይህን ያደረገው ጕዳዩን ለሰው ለማሳየት ጭምር መሆኑን ገለጸ። ቢሆንም የከተማይቱን የኑሮ ውድነት የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ከእውነት የራቀ ነው አላለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2020 ጀምሮ ለተለማማጆቹ አበል መስጠት መጀመሩ፣ ቢፈለግ እንደሚቻል ያሳያል።

አበል አለመክፈል ትንሽ የሒሳብ ጕዳይ ይመስላል። ነገር ግን ልምምዱ ወደ ቋሚው ሥራ ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ በጄኔቭ ወይም በኒው ዮርክ ለመኖር የሚችለው ሰው ነገ ከጠረጴዛው በላይ ይቀመጣል። ደንቡ ማንንም አያግድም፤ ስንቁ ግን ያግዳል። የ1920ዎቹ የቋንቋ በር ዛሬ በከፊል ቢሰፋም ከአጠገቡ ሌላ በር ቆሟል።

መደምደሚያ

ዛሬ ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤት ለእኛ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በ1958 የተቋቋመው የአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ አዲስ አበባ ነው። በ1963 በዚሁ ከተማ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር፣ የሥራ ቋንቋዎቹ ቢቻል የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። «ቢቻል» የሚለው ቃል ብዙ ዓመት ቈየ፤ ስዋሂሊ በአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን የተወሰነው በ2022 ነው። ከናይሮቢ ወይም ከዳካር ወደ አዲስ አበባ ለልምምድ የሚመጣ ወጣት በእኛ ከተማ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ነው፤ እኛም ለእርሱ የዚያ ቤት ደጅ ነን።

ከዚህ ታሪክ ለኮሌጃችን የሚጠቅም ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ረጅምን ነገር አሳጥሮ በትክክል መጻፍ፣ ከአማርኛ ወደ ሌላ፣ ከሌላም ወደ አማርኛ መተርጐም፣ ከየትምህርቱ ጋር ሊሰጥ የሚገባ ሙያ ነው። ለዚህ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የራሳችን የተማሪዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛም፤ ወደ ውጭ ለልምምድ የተመረጠ ተማሪ በስንቅ ምክንያት እንዳይቀር የሚረዳ አንድ ትንሽ ገንዘብ ከቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ ቢቋቋም፣ ችሎታ ኖሮት አቅም ያጣ ጓደኛ አይቀርብንም።

በጄኔቭ የአገራችን ነገር የተሰማው ቋንቋውን የተማሩ፣ በሌላው ቋንቋ እየሠሩም የሌላው ሰው ያልሆኑ ጥቂት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ጥቂት መሆናቸው የእነርሱ ጥፋት አልነበረም። ከእንግዲህ ጥቂት ቢሆኑ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።